ተራራው ሲቆፈር አፈሩ የት ይሄዳል?

በደቡብ ወሎ ከደላንታ ገደል የሚወጣው ኦፓል የአፈር ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ረግቶ አለት ሆነ። ዝናብ መታው፤ ዕፅዋት በቀሉበት፤ ላዩ እየላላ አፈር አወጣ። አለቱ ሲበሰብስ የለቀቀው ሲሊካ በውኃ ሟሙቶ ወደ ታች ሰረገ። ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ ሲገጥመው መሄጃ አጥቶ እዚያው ተጠራቀመ፤ በዘመናት ብዛት ረግቶ ዛሬ ቀለሙ ዓይን የሚስበው ድንጋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታው ወገል ጤና አካባቢ የተገኘውን ክምችት ያጠኑ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተሙት ጽሑፍ ኦፓሉ የተፈጠረው በጥንታዊ አፈር ውስጥ መሆኑን አሳይተዋል፤ ከድንጋዩ ውስጥ የዕፅዋት ቅሪት አግኝተውበታልና። ከ3,000 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው የእሳተ ገሞራ ክምር ውስጥ ኦፓል ያለው ከ1 ሜትር በማያልፍ አንድ ቀጭን ንጣፍ ላይ ነው።

እንግዲህ በዚያ ተራራ ላይ ሁለት አፈር አለ። የጥንቱ በካራት ተመዝኖ ሕንድ ድረስ ይሻገራል። የዛሬው፣ ገበሬው ገብስና ምስር የሚዘራበት፣ ማዕድኑ ጋ ለመድረስ ተጠርጎ የሚገፋ ነገር ተደርጎ ይቆጠራል። የማዕድን ሰው ከሥር ስላለው ንጣፍ ውፍረት በሴንቲሜትር ይናገራል፤ ከላይ ስላለው ግን «አፈር» ብሎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ማለፍ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ብዙ ያስከፍላል የሚል ነው። ምክንያቱም በዚያ ደጋ ላይ የዛሬው አፈር አንድ ዓይነት አይደለም። ከጫፍ እስከ ሸለቆ አራትና አምስት ዓይነት አፈር ተደራርቦ ይኖራል፤ እያንዳንዱም ሲነካ የሚበላሸው በየራሱ መንገድ ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ይደርሳል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም የተቀመጠችው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከእሷ በላይ በሳይንትና በለጋምቦ በኩል ውርጭ የሚመታቸው ከፍታዎች እስከ አምባ ፈሪት ይወጣሉ። ከእሷ በታች ምድሩ እየተሸነሸነ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተሰሜን በሽሎ፣ በስተደቡብ ወለቃ ቆርጠውት ያልፋሉ። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ከውርጭ ወደ ቆላ የሚወረድበት አገር ነው። አፈሩም አብሮ ይወርዳል፤ መልኩንም በየደረጃው ይለውጣል።

ሥሩ ያለው አለት በአመዛኙ አንድ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የደረሰው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊሊያም ብላንፎርድ የኢትዮጵያን የእሳተ ገሞራ አለቶች በሁለት ምድብ ከፍሎ ሲሰይም አንዱን አሸንጌ፣ ሌላውን መቅደላ ብሎታል። የጦርነቱ ነገር በየመጽሐፉ ሲተረክ፣ በዚያው ዘመቻ ስማችን በዓለም የአለት መዝገብ ውስጥ መግባቱን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ጥቁር ባዛልት፣ በመካከሉ የአመድ አለት፣ እንደገና ባዛልት፤ መንገድ ሲቆረጥ በሁለት ባዛልት መካከል ቀይ ሰንበር ሆኖ የሚታየው ደግሞ በላዩ በፈሰሰው ትኩስ ላቫ የተጠበሰ የጥንት አፈር ነው። ከአንድ ዓይነት አለት የተለያየ አፈር የሚወጣው በከፍታው፣ በተዳፋቱና በዝናቡ ምክንያት ነው።

ከጫፉ እንጀምር፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነውና። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጅባራና ጓሳ በሚበቅልበት ውርጭ፣ የአፈር ባለሙያዎች አንዶሶል የሚሉት ጥቁር አፈር ይገኛል። በሰሜን ተራሮችና በሰሜን ሸዋው አንዲት ጥድ በሚገባ ተጠንቷል። በእጅ ሲይዙት ይቀላል፤ አንድ ሊትር መጠን ያለው ደረቅ አንዶሶል ከ900 ግራም አይበልጥም። ቅለቱ ከውስጥ ባዶነቱ የሚመጣ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውኃ እንደ ሰፍነግ ይይዛል። ብርዱ ብስባሹን ቶሎ ስለማያስበላ ቅጠልና ሥሩ በሺህ ዓመታት ተጠራቅሞ ቀለሙን አጥቁሮታል። በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቅቃል። የታችኛው አገር ምንጭ በጥርና በየካቲት የማይነጥፈው ከላይ እንዲህ ያለ አፈር ስላለ ነው።

የዚህ አፈር ድክመት ከበጎነቱ የሚወለድ ነው። ሽፋኑ ተገፎ ለፀሐይ ሲጋለጥና አንዴ አጥብቆ ሲደርቅ፣ ውኃ የመያዝ አቅሙ በከፊል ተመልሶ አይመጣም። ዱቄት ይሆናል፤ ነፋስ ይወስደዋል። ርጥብ ሆኖ ሲረገጥና ሲነቀነቅ ደግሞ ድንገት ይላላና ይፈስሳል። ስለዚህ የማዕድን ኩባንያ «የላይኛውን አፈር ገፍፈን አስቀምጠን ሥራው ሲያበቃ እንመልሰዋለን» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ ተስፋ ለሌላ አፈር ይሠራ ይሆናል፤ ለአንዶሶል ግን አይሠራም። የሚመለሰው አፈር የተነሣው አፈር አይደለም። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ነዋሪው የደንቆሮ ጫካ የሚለው፣ በዚህ ከፍታ ላይ ያለ ጥብቅ ቦታ ነው። ፓርኩ የሚታወቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው፤ ቀበሮው የሚኖረው በአይጥ ነው፤ አይጡ የሚኖረው አፈሩን እየፈለፈለ ነው። አፈሩ ከጠነከረ ወይም ከተገፈፈ የምግብ ሰንሰለቱ ከታች ይበጠሳል። በግሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ላለው መሬት የማዕድን ፈቃድ ጥያቄ ሲመጣ በዝርዝር መከራከር አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ መልሱ «አይሆንም» መሆን አለበት።

ከዚያ በታች ያለው ተዳፋት የተለየ ታሪክ ነው። ገበሬው ጭንጫ የሚለው፣ ባለሙያው ሌፕቶሶል የሚለው፣ ከ25 ሴንቲሜትር ሳያልፍ አለት የሚመታ ስስ አፈር ነው። ብዙው የወሎ ገደላ ገደል ዛሬ ይህ ነው፤ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ደሴ አጠገብ በሚገኘው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊሱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሠሩበት፣ የዚህን አገር አፈር በዝርዝር ያጠና ነው። ቫይግል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የማይባር የአፈር ጥናት እንደሚያሳየው፣ እዚያ የሚገኘው ጠቆር ያለና ለም አፈር ችግሩ የማዳበሪያ እጥረት ሳይሆን የጥልቀት ማጠር ነው። ለምነቱ አለ፤ ሥር የሚሰድበት ቦታ ግን የለም።

የጣቢያዎቹን ሥራ የመራው ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ግምት ብዙ ተጠቅሷል፦ በታረሰ የኢትዮጵያ ደጋ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንጻሩ አዲስ አፈር የሚፈጠረው እንደየቦታው በዓመት በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ነው። ለማዕድን ክርክር ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ሁለተኛው ይጠቅማል። ግማሽ ሜትር አፈር ያለው አንድ ሄክታር መሬት 5,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 6,000 ቶን ገደማ አፈር ተሸክሟል። ተፈጥሮ በፈጠነው ፍጥነቷ ብትሠራ ይህን ለመተካት 270 ዓመት ያህል ያስፈልጋታል፤ በዘገየው ደግሞ 3,000 ዓመት።

አሁን ሕጉን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለሕዝብ ጥቅም መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ፣ ምትክ መሬት ካልተገኘለት፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት የልማት ተነሺነት ካሣው የሚሰላው በዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ ነው። ከቀደመው 10 እጥፍ መሻሻሉ አይካድም። ስሌቱ ግን የሚለካው ሰብሉን ነው። አፈሩ የ300 ዓመት ሥራ ይሁን የ3,000፣ በቀመሩ ውስጥ መግቢያ የለውም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። ጭንጫ መሬት ማዕድን የማይነካው ቅዱስ ነገር ነው የሚል አቋም የለኝም። አሥር ሴንቲሜትር አፈር የቀረለት ተዳፋት ለባለቤቱ ከጥቂት ኩንታል በላይ አያወጣለትም፤ የደላንታ ወጣት ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ዋሻ የሚገባው ያ ማሳ ስለማይበቃው ነው። ከሁሉም የአፈር ዓይነት ቁፋሮ በትንሹ የሚጎዳው ይህንን ነው ብል ስህተት አይመስለኝም፤ የሚታጣው አፈር ጥቂት ነውና። ጉዳቱ ያለው ከቁፋሮው ቦታ በታች ነው። ከዋሻው የሚወጣው ፍርስራሽ ወደ ገደሉ ሲወረወር፣ ከሥር ያለውን፣ ካብና እርከን ተሠርቶለት የቆየውን የሰው ማሳ ይቀብራል። ክረምት ሲገባ ልቅ ድንጋዩ ከጎርፍ ጋር ይወርዳል።

የኦፓሉ ንጣፍ ራሱም ሌላ አደጋ ይዟል። ሲሊካውን ያገተው ሸክላ ዛሬም ውኃ ያግታል። ከላይ የሰረገ ዝናብ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ሸክላው ርጥበት ሲጠግብ ይሟልጫል። ቆፋሪው የሚፈለፍለው እንግዲህ ጣሪያው ስንጥቅጥቅ የአመድ አለት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሸክላ በሆነ ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በደላንታ ዋሻ ተንዶ ወጣቶች ከውስጥ እንደቀሩ አገር ሰምቶ አዝኗል። ብዙዎች የመሣሪያና የድጋፍ እንጨት እጦት አድርገው አዩት፤ እሱም አለበት። ነገር ግን ከመግባት በፊት የሸክላውን ርጥበት የሚያይ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለበት የሚናገር ሰው ቢኖር ኖሮ የተለየ ነገር ይሆን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ የአፈር ሙያ ነው፤ በማዕድን ጽሕፈት ቤቶች ግን እምብዛም አይታይም።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ዋልካውን እናገኛለን። በጃማ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በደላንታ አምባ ላይ የተዘረጋው ጥቁር ሸክላ፣ መረሬም የሚባለው፣ በሳይንሱ ቨርቲሶል ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የዚህ አፈር ነው፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የበሬ እግር ይሰብራል። በክረምት ያብጥና ይዘጋል፤ ውኃ ከላዩ ይተኛል። ገበሬው ይህን ዐውቆ ምስሩን፣ ሽምብራውንና ጓያውን በክረምቱ መውጫ ይዘራል፤ በቀረው እርጥበት ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ውኃውን የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣ ማረሻ ከባህላዊው ማረሻ አዳብረው አቀረቡ። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ግን መደቡን በእጃቸው ሲያወጡ ኖረዋል።

ማዕድን ፈላጊ ዋልካን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እንደ መተላለፊያ ነው፦ መንገድ ሊያሳልፍበት፣ ካምፕ ሊተክልበት፣ ፍርስራሽ ሊከምርበት። ሦስቱም አይስማሙትም። አፈሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ በክረምት ከባድ መኪና ካለፈበት ከሥሩ ያለው አፈር ተጠቅጥቆ ለዓመታት ሥር አያሳልፍም። ጎማው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየሸሸ ሲሄድ የአንድ መንገድ ስፋት በአንድ ክረምት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የሚበላውም የዳር ማሳ ነው። ክምር ሲጫንበት ደግሞ ከሥሩ ይሸሻል። የዋልካ ጥሩ ጎኑ ጥልቀቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ተነሥቶ መመለስን የሚችል አፈር ካለ እሱ ነው፤ በየዓመቱ እየተሰነጠቀና እያበጠ ራሱን በራሱ ያገላብጣልና። ነገር ግን ደረቅ ሆኖ፣ በንብርብሩ ተለይቶ ከተነሣ ብቻ ነው። ርጥቡን የገፋ ቡልዶዘር ጭቃ ጡብ እንጂ አፈር አያስቀምጥም።

ቀይ አፈሩ በመካከል በወይና ደጋው አለ። ውኃ ያሳልፋል፤ ለግንባታ ይመቻል፤ ችግሩ ሲጋለጥ ቦረቦር መፍጠሩ ነው። ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ ባዛልቱ አልቆ ከሥሩ የነበረው የባሕር ዘመን ድንጋይ ይወጣል፤ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ። የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ዓይን የሚያርፍበት ይህ ነው። አፈሩ ስስና ኖራማ ነው፤ ቁጥቋጦው ከተመነጠረ የሚቀረው ጠጠር ነው። ከዚህ የሚነሣ ደለል ረጅም መንገድ የለውም። ዓባይ እዚያው ከሥሩ ነው፤ ዓባይ ደግሞ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለመያዝ ወደተሠራው ግድብ ይሄዳል። ስለ ግድቡ ደለል ስንነጋገር የገበሬውን ማረሻ ብቻ መክሰስ ለምዶብናል።

ይህ ሁሉ ልዩነት በየትኛው ካርታ ላይ ሰፍሯል? ለአገር አቀፍ ሥራ የሚጠቀሰው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያዘጋጀው የአፈር ካርታ በ1 ሚሊዮን አንድ መጠን የተሠራ ነው። በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ከዋልካ ተነሥቶ በጭንጫ አልፎ ቀይ አፈር መድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ፕሮጀክት በየወረዳው ናሙና እየወሰደ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ዓላማው ግን ማዳበሪያ ነው። የእርሻ ናሙናው ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር ይወሰዳል። ሰልፈርና ቦሮን ስንት እንደጎደለ ይነግራል፤ አፈሩ በስንት ሜትር አለት እንደሚመታ፣ ከሥሩ የሚሟልጭ ሸክላ ይኑር አይኑር እንዲነግር አልተሠራም። ከዚያ በፊት መንግሥት አፈርን የመደበው ለግብር ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ። ሰማንያ ዓመት ቆጥረን አሁንም አፈርን የምንጠይቀው ምን ያህል ያወጣል ብለን ነው። ሲቆረጥ ምን ይሆናል ብለን ለመጠየቅ የሚያስችል መረጃ ግን አላዘጋጀንም።

በወረቀት ደረጃ ጉድለት አለ ለማለት ያስቸግራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሕዝቡ በግምገማው እንዲሳተፍም ያዝዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም የአካባቢ ጥበቃ ግዴታ አስቀምጧል። ችግሩ የግምገማው ሰነድ ስለ አፈር የሚጽፈው ምዕራፍ ከዚያ አገር አቀፍ ካርታ ተቀድቶ ሊሞላ መቻሉ ነው። ሁለት አንቀጽ፣ ሦስት የላቲን መሰል ስም፣ አበቃ። ሰነዱም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ በስብሰባው ላይ ቃል በቃል ሳይሆን በማጠቃለያ ይነገረዋል። ያ ገበሬ ግን የመሬቱን ወሰን ሳያይ ዋልካው የት አልቆ ቀይ አፈሩ የት እንደሚጀምር በማረሻው ክብደት ያውቃል። የትኛው ተዳፋት በነሐሴ ምንጭ እንደሚያወጣ፣ የቱ ማሳ ከአባቱ ዘመን ወዲህ እንደተንሸራተተ ያውቃል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ውድ አይደለም። ፈቃድ በተጠየቀበት ቦታ ሁሉ፣ ተዳፋቱ በተለወጠ ቁጥር፣ ወይ አለት እስኪመታ ወይ ሁለት ሜትር እስኪደርስ ጉድጓድ ይቆፈር። የጉድጓዱ ግድግዳ በንብርብር ይለካ፤ ቀለሙ፣ የሸክላው መጠን፣ ውኃ የሚቆምበት ጥልቀት ይጻፍ። ለዚህ ሳተላይትም ውድ ላቦራቶሪም አያስፈልግም፤ አንድ የአፈር ባለሙያ፣ አካፋና አገሩን የሚያውቅ አንድ አዛውንት ይበቃሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው፤ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት የሚቆፍሩት ጉድጓድ እንኳ በአምስት ዓመት የወረዳውን ካርታ ሊሞላ ይችላል። ይህን ሥራ ከኩባንያው አማካሪ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ ለአማካሪው የሚከፍለው ፈቃዱን የሚፈልገው ወገን ነውና።

ቀሪው ጥያቄ የቦታ ነው፤ በሰነዶቹ ውስጥ ከሁሉ የሚዘለልም እሱ ይመስለኛል። የተገፈፈ አፈር በሕይወት እንዲቆይ ክምሩ ከሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ ማለት የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡ አየር አጥቶ ረቂቅ ተሕዋስያኑና ዘሩ ይሞታሉ። ቅድም ያሰላነውን አንድ ሄክታር እንውሰድ፦ 5,000 ሜትር ኩብ በሁለት ሜትር ከፍታ ሲከመር ሩብ ሄክታር ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል፤ ጎርፍ የማያልፍበት፣ ቦይ የተቀደደለት፣ ከብት የማይወጣበት። አሥር ሄክታር ለሚከፈት ጉድጓድ ሁለት ሄክታር ተኩል ማለት ነው። በቦረናና በሳይንት ተዳፋት ላይ ያን የሚያህል ለጥ ያለ ቦታ ሲገኝ ያለ ባለቤት አይገኝም፤ ከፈቃዱ ካርታ ወሰን ውጭም ይሆናል። ያ ማሳ የማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያዝና ባለቤቱ በምን እንደሚኖር ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት በስም ተጽፎ መገኘት አለበት።